ጃፓንን በሕገ መንግሥት ጠራናት፣ በፕሌይስቴሽን መጣች!

(ይህ ጽሑፍ በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚኖሩ ወጣቶች ባዘጋጁት የቅዳሜ ከሰዓት ውይይት ላይ የቀረበ ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች መጠነኛ ማሳጠር ተደርጎበታል። — ዝግጅት ክፍሉ)



አዘጋጆቹ ደውለው "ስለ ጃፓን ካርቱንና ጌም፣ በልጆቻችን ላይ ስላመጣው ተጽዕኖ ትናገርልናለህ ወይ?" ሲሉኝ መጀመሪያ የሰጠሁት መልስ "እኔ ጃፓንን የማውቃት በቶዮታ ነው" የሚል ነበር። ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ አለቀቀኝም። ምክንያቱም ከጥቂት ጊዜ በፊት እዚሁ ሳሪስ ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ።

ታክሲ ስጠብቅ ዝናብ ደረሰብኝና አንድ ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ተጠለልኩ። ቤቱ የምታውቁት ዓይነት ነው። ቆርቆሮ ግድግዳ፣ አራት ቴሌቪዥን፣ አግዳሚ ወንበር፣ በሩ ላይ የነተበ መጋረጃ። ሁለት ጎረምሶች አርሰናልና ማንቸስተር ሆነው ይፋለማሉ፤ ከኋላቸው ሰባት ስምንት አሠልጣኝ ቆሞ ይጮኻል። ጥግ ላይ ደግሞ ሳንቲሙን የጨረሰ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አንድ ልጅ ደብተሩን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ሥዕል ይሥላል። ጎንበስ ብዬ አየሁት። ፀጉሩ እንደ ጃርት እሾህ የቆመ፣ ዓይኑ ግማሽ ፊቱን የሚያህል ልጅ ነው የሣለው።

"ማነው ይሄ?" አልኩት።

"ናሩቶ ነዋ!" አለኝ፤ ይህን የማያውቅ ሰው አለ እንዴ በሚል ዓይን።

"የየት አገር ሰው ነው?"

"እኔ እንጃ... የፈረንጅ።"

"ይሄ ፕሌይስቴሽኑስ?"

"እሱም የፈረንጅ።"

ባለፈው ሰሞን በዚያ በኩል ሳልፍ ቤቱ ታሽጓል። በሩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል። አጠገቡ ጉሊት የሚቸረችሩ አንዲት እናት "እሰይ! ልጄ ትምህርት እየቀረ እዚህ ነበር የሚውለው" አሉ። እውነታቸውን ነው። ትምህርት ሰዓት ላይ ልጅ አስገብቶ ብር የሚለቅም ሰው ይጠየቅ፤ እዚህ ላይ ክርክር የለኝም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቤቱስ ታሸገ፤ ናሩቶ በየት በኩል ይታሸጋል? ልጁ ጭንቅላት ውስጥ ነው ያለው! ዛሬ ደግሞ በአባቱ ሞባይል፣ በቴሌግራም እየወረደ ቤቱ ድረስ ይመጣለታል።

የክፍለ ከተማችን ስም ራሱ ይህንን ይመስላል። "ነፋስ ስልክ" የተባለው ድሮ እዚህ ሰፈር ከተተከለው ሽቦ አልባ ጣቢያ የተነሳ ነው። አያቶቻችን ያለ ሽቦ ድምፅ ሲመጣ ቢያዩ "በነፋስ የሚሄድ ስልክ" አሉት። እነሆ ዛሬም በነፋስ እየመጣ ነው። ነፋስን ደግሞ በማሸጊያ ወረቀት ማቆም አይቻልም።

እንግዲህ ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

መጀመሪያ የጠራናት እኛ ነን

ጃፓን ወደ ኢትዮጵያ በካርቱን አልጀመረችም። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩ የተማሩ ሰዎቻችን፣ እነ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ሳይቀሩ፣ "ጃፓን ነቅታ ራሷን አዳነች፤ እኛስ?" እያሉ ይጽፉ ነበር። ነጭ ያልሆነ ሕዝብ፣ ንጉሠ ነገሥት ያለው፣ በራሱ ሃይማኖትና ልማድ የሚኮራ፣ ግን መድፍና ባቡር የሚሠራ። ይህ ለእኛ ሰዎች እንደ ሕልም ነበር።

ሕልሙ ወረቀት ላይ ወረደ። ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥታችንን ሲያረቅቁ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ዋና ምሳሌ ያደረጉት የጃፓኑን የሜይጂ ሕገ መንግሥት ነበር። በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓን ድረስ ሄደው ሲመለሱ "ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን" የሚል መጽሐፍ አሳተሙ። ርእሱን ልብ በሉልኝ፤ የብርሃን ማደሪያ ማለት ነው! አብረዋቸው ሄደው የነበሩት ልጅ አርአያ አበበም ጃፓናዊት ሚስት ሊያገቡ ታስቦ፣ ወሬው የዓለም ጋዜጦችን አጣቦ፣ በ1926 ዓ.ም. ሳይሆን ቀረ።

ከዚያስ? ከዚያማ ጣሊያን መጣ። በ1929 ዓ.ም. ያቺ የብርሃን ማደሪያ አዲስ አበባ የነበረውን ሌጋሲዮኗን ወደ ቆንስላ አወረደችና የፋሺስቱን ወረራ በተግባር ተቀበለች። "የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም" ማለት ይሄኔ ነው።

ይህንን የማወራው ቂም ለመቀስቀስ አይደለም። አንድ ጥያቄ ለማንሳት ነው። አባቶቻችን ከጃፓን የወሰዱት ምኑን ነበር? ንጉሡ በላይ፣ ሕዝቡ በታች የሚቆምበትን ወረቀት። ሥልጣን የሚያጸና ነገር ነው የቀዳነው። ሰው የሚያፈራው፣ ነጋዴውን፣ ሠዓሊውን፣ ደራሲውን የሚያሠራው ግን ባሕሩን ሳይሻገር ቀረ።

ሁለቱ የ1889 ልጆች

ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር ስደርስበት እኔን ራሴን አስቆኛል፤ አስተክዞኛልም።

የሜይጂ ሕገ መንግሥት የወጣው እ.ኤ.አ. በየካቲት 1889 ነው። በዚያው ዓመት፣ በመስከረም ወር፣ ኪዮቶ በምትባለው የጃፓን ከተማ አንድ ሰውዬ ሱቅ ከፈተ። የሚሠራው ካርታ ነው። አዎ፣ የመጫወቻ ካርታ! አበባ የተሣለበት የጃፓን ካርታ። የሱቁ ስም ኒንቴንዶ ይባላል።

እንግዲህ አንድ ዓመት ሁለት ልጅ ወለደች። አንደኛው በንጉሠ ነገሥት ማኅተም የወጣ ሕገ መንግሥት፣ ሁለተኛው የካርታ ሱቅ። በዚያን ጊዜ "ከነዚህ ከሁለቱ የትኛው መቶ ዓመት ይኖራል?" ብሎ የጠየቀ ሰው ቢኖር እብድ ይባል ነበር። እነሆ ሕገ መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ1947 በሌላ ተተካ። የኛ ቅጂም በ1948 ዓ.ም. በተሻሻለው ሕገ መንግሥት ተለወጠ። የካርታ ሱቁ ግን ይኸው አለ፤ ሱፐር ማሪዮንና ፖኬሞንን ለዓለም ሕፃን ያደረሰው እሱ ነው።

ሳሪስ ያለው ፕሌይስቴሽንም የዚያ ሱቅ ርዝራዥ አለበት። ሶኒ እና ኒንቴንዶ አብረን መጫወቻ እንሥራ ብለው ተስማምተው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1991 ኒንቴንዶ በአደባባይ ጥሎት ወደ ሌላ ኩባንያ ዞረ። ሶኒ ተናደደ። በእልህ ብቻውን ሠራና ታኅሣሥ 3 ቀን 1994 (እ.ኤ.አ.) ፕሌይስቴሽንን ገበያ አወጣ። ሁለተኛው ሞዴል ከ155 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። ከነዚህ መሐል ስንቱ ያገለገለ ዕቃ ሆኖ መርካቶ ገብቶ፣ ከዚያም ጎፋ፣ ለቡ፣ ጀሞ፣ መካኒሳ እንደተበተነ እናንተው ታውቃላችሁ። የሰፈሩ ልጅ ሌሊት በሕልሙ ሳይቀር የሚጫወተው "ዊኒንግ ኢለቨን" የተባለው የኳስ ጌምም ኮናሚ የተባለ የጃፓን ኩባንያ ሥራ ነው።

ለዚህ አምባሳደር አልተላከም፤ ስምምነት አልተፈረመም። አባቶቻችን በሕገ መንግሥትና በጋብቻ ሊያመጧት የሞከሯት ጃፓን ልጆቻችን ዘንድ በሳንቲም ገባች። ያውም ልጁ ጃፓን መሆኗን እንኳ ሳያውቅ!

እዚህ ላይ የራሴንም ልናዘዝ። እኔ በልጅነቴ ቪዲዮ ቤት ያደግሁ ነኝ። ብሩስ ሊን ጃፓናዊ ነው ብለን ጓሮ ለጓሮ "ሃያ!" እያልን አጥር ስንሰብር ከርመናል። በኋላ ሳነብ ሰውየው ዘሩ ቻይና፣ "ፊስት ኦፍ ፊዩሪ" በሚለው የ1972 ፊልሙ ደግሞ የሚደበድባቸው ጃፓኖቹን ሆኖ አገኘሁት። አይ አለማወቅ! ያየነውን ሁሉ ያለ ማስጠንቀቂያ ነበር የምንውጠው።

እነሱም ያቃጠሉበት ጊዜ ነበር

እሺ፣ ጃፓኖቹ እንዴት እዚህ ደረሱ? ሀብታም ስለሆኑ ነው የሚል አለ። ነገሩ ግን የተጀመረው በድህነት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1945 ጦርነቱን ሲሸነፉ ከተሞቻቸው ዐመድ ነበሩ። የሚበላ የለም፤ ወረቀት የለም። በዚያን ጊዜ በየሱቁ በረካሽ ወረቀት የታተሙ የሥዕል መጻሕፍት ይሸጡ ጀመር። መግዛት ለማይችለው ደግሞ በሳንቲም የሚያከራዩ ቤቶች ተከፈቱ። ልጁ ገብቶ፣ ትንሽ ከፍሎ፣ አንብቦ ይመልሳል። የኛን የመጽሐፍ ኪራይና ቪዲዮ ቤት አያስታውሳችሁም? ኦሳሙ ቴዙካ የሚባለው፣ ሕክምና የተማረው ሠዓሊ የተነሣው ከዚያ ረካሽ ወረቀት ውስጥ ነው። ጥር 1 ቀን 1963 (እ.ኤ.አ.) "አስትሮ ቦይ" የተባለው የሮቦት ልጅ ታሪክ በጃፓን ቴሌቪዥን ሲጀምር ደራሲው እሱ ነበር። የዛሬው የጃፓን ካርቱን ሁሉ ከዚያ በኋላ የመጣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ያኔ እናቶች እሰይ አሉ? ኧረ አላሉም! እ.ኤ.አ. በ1955 የወላጅና የመምህራን ማኅበራት ተነሥተው "መጥፎ መጻሕፍት ይጥፉ" የሚል ዘመቻ ከፈቱ። እነዚያ የሥዕል መጻሕፍት ከልጆች እየተሰበሰቡ የተቃጠሉበት ቦታም አለ። ቴዙካም ከተወገዙት አንዱ ነበር። ልክ እንደ እኛ ሰፈር፣ "ልጃችን ተበላሸ" ተባለ።

ልዩነቱ ምን መሰላችሁ? እዚያ ክርክሩ በሕዝቡ መሐል ተካሄደ። ወላጅ ጮኸ፣ ሠዓሊ መለሰ፣ አሳታሚዎች ተሰብስበው የራሳቸውን ደንብ አወጡ። መንግሥት መጥቶ ሁሉንም በአንድ ቀን አላሸገም። አዲሱ ሕገ መንግሥታቸው በአንቀጽ 21 ቅድመ ምርመራን ከልክሎ ነበርና። የዚያን ጊዜ ሁሉም ተቃጥሎ፣ ሁሉም ታሽጎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ናሩቶም የለም፣ ፖኬሞንም የለም።

ስድስት ሚሊዮን ተኩል!

እኔ የጋዜጣ ሰው ነኝና እጅግ የቀናሁበትን ነገር ልንገራችሁ። "ሾነን ጃምፕ" የሚባል ሳምንታዊ የልጆች መጽሔት አላቸው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ወረቀቱ እንደኛ ጋዜጣ ርካሽ፣ ተነቦ የሚጣል ዓይነት። እ.ኤ.አ. በ1995 በሳምንት ስንት ቅጂ ቢታተም ጥሩ ነው? 6 ሚሊዮን 530 ሺህ! በሳምንት!

አሠራሩ እንዲህ ነው። በየመጽሔቱ ውስጥ አንባቢው የሚሞላት ካርድ አለች። ልጁ የወደዳቸውን ታሪኮች ጽፎ በፖስታ ይልካል። በካርዱ ተከታታይ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘ ታሪክ ይቋረጣል፤ የደራሲው ስም ቢያስፈራም፣ ዘመድ ቢኖረውም ይቋረጣል። የተወደደው ይቀጥላል፤ መጽሐፍ ይሆናል፤ ካርቱን ይሆናል፤ ጌም ይሆናል፤ ቲሸርት ይሆናል። ከዚህ ሁሉ ደራሲው ድርሻውን ያገኛል። "ድራጎን ቦል"፣ "ናሩቶ"፣ "ዋን ፒስ" ከዚች ካርድ የተረፉ ናቸው። "ዋን ፒስ" ብቻውን እ.ኤ.አ. ከ1997 ወዲህ ከ500 ሚሊዮን በላይ ቅጂ ታትሟል። እኛ "የሕዝብ ድምፅ ይከበር" ስንል ዓመታት ያለቁብንን ነገር እነሱ ለሕፃን ልጅ በፖስታ ካርድ ሰጥተውታል።

ለኳስ አፍቃሪዎች አንድ ልጨምር። በዚሁ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1981 "ካፒቴን ጹባሳ" የሚል የአንድ ኳስ ተጫዋች ልጅ ታሪክ ወጣ። በዚያን ጊዜ ጃፓን ዓለም ዋንጫ ገብታ አታውቅም፤ የፕሮፌሽናል ሊግም አልነበራትም። ልጆቹ ታሪኩን እያነበቡ ኳስ መቱ። ሊጉ በ1993 ጀመረ፤ በ1998 ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለም ዋንጫ ገቡ (ሁሉም እ.ኤ.አ.)። ካርቱኑ ስፔን ሲደርስ ደግሞ ፈርናንዶ ቶሬስ ኳስ የጀመርኩት እሱን አይቼ ነው ብሎ ተናግሯል። መጀመሪያ ታሪክ፣ ከዚያ ሜዳ። እኛ ጋ ሜዳውም ኮንዶሚኒየም ሆነ፣ ታሪኩም አልተጻፈ።

ገንዘቡንስ? የጃፓን መንግሥት በሚጠቅሰው አኃዝ የአገሪቱ ጌም፣ ካርቱን፣ ፊልምና የመሳሰለው እ.ኤ.አ. በ2023 በውጭ አገር ያስገባው 5.8 ትሪሊዮን የን ገደማ ነው። ብረት ከሸጡበት ይበልጣል።

ገበናም አላቸው

"ይሄ ሰውዬ ጃፓንን ማኅደረ ብርሃን አደረጋት" እንዳትሉኝ፣ ጨለማውንም ልናገር።

ያንን ሁሉ ካርቱን የሚሥሉት ወጣቶች ብዙዎቹ በቁራጭ እየተከፈላቸው፣ ሌሊት እያደሩ፣ በጥቂት ገንዘብ የሚኖሩ ናቸው። ትርፉ ላይ ያለው ሌላ ነው። መንግሥታቸውም እ.ኤ.አ. በ2013 "ባህላችንን ለዓለም እኔ ልሽጥ" ብሎ "ኩል ጃፓን ፈንድ" የተባለ ድርጅት አቋቁሞ ነበር። ውጤቱ? ከ30 ቢሊዮን የን በላይ የተከማቸ ኪሳራ። ልጆቹ በፖስታ ካርድ የመረጡት ዓለምን ሲዞር፣ ሹማምንቱ የመረጡት ከሰረ። ይህቺን ለኛም ሹማምንት ብታደርሱልኝ ደስ ይለኛል።

ከሁሉ የከፋው ግን የጆኒ ኪታጋዋ ነገር ነው። ሰውየው የጃፓንን የወንድ ዘፋኝ ቡድኖች ገበያ ለአሥርታት የተቆጣጠረ ባለ ኤጀንሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 "ሹካን ቡንሹን" የተባለ ሳምንታዊ መጽሔት፣ ይህ ሰው ለኮከብነት የሚያሠለጥናቸውን ታዳጊ ወንዶች ያስነውራል ብሎ ተከታታይ ዘገባ አወጣ። ሰውየው ከሰሰ። በ2003 የቶኪዮ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዘገባው በዋናው ነጥብ እውነት ነው አለ፤ በ2004 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይግባኙን ዘጋ። ታላላቆቹ ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖችስ? ጭጭ! ኮከቦቹን እንዳይከለከሉ ፈሩ። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይጠየቅ በክብር ሞተ። ቢቢሲ በመጋቢት 2023 ፊልም ሠርቶ ሲያወጣው ነው ነገሩ የፈነዳው። በመስከረም 2023 ኤጀንሲው ጥፋቱን በአደባባይ አመነ፤ ተጎጂዎቹም በመቶዎች የሚቆጠሩ ሆነው ተገኙ።

ሃያ አራት ዓመት! በዚህ ሁሉ ጊዜ እውነቱን የጻፈው ማን ነበር? ብዙዎች "የአሉባልታ ወረቀት" እያሉ የሚንቁት ሳምንታዊ መጽሔት። እነዚያ ልጆች የተጎዱት በአንድ ክፉ ሰው ብቻ ሳይሆን ዝም ባለው ሁሉ ነው። እዚህ አገር ሳምንታዊ ወረቀት ይዞ ለሚዞር ሰው ይህ ታሪክ ትልቅ ስንቅ ነው።

ወደ እኛ ስንመለስ

አሁን ወደ ሳሪስ እንመለስ። ያ ልጅ ናሩቶን ለምን ሣለ? ናሩቶ ወላጅ የሌለው፣ ሰፈሩ የናቀው፣ ግን "አንድ ቀን ታዩኛላችሁ" የሚል ልጅ ነው። ለዚያ ልጅ ይህ ባዕድ ታሪክ ነው? አይደለም። የሱ ታሪክ ነው፤ የጻፈለት ግን የኛ ሰው አይደለም። መጤ ባህል ገባብን እያልን የምናለቅሰው እኛ ባዶ በተውነው ወንበር ላይ ሰው ስለተቀመጠ ነው።

ታሪክ አጥተን ነው እንዳትሉኝ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ሻምበል አበበ ቢቂላ፣ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ጥገና ካስወጣ ገና አርባ ቀን እንኳ ሳይሞላው፣ ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ማራቶንን አሸነፈ። ጃፓኖቹ በዓመቱ ኮን ኢቺካዋ በተባለ ዳይሬክተራቸው "ቶኪዮ ኦሊምፒያድ" የሚል ፊልም አውጥተው የአበበን ፊት፣ ላቡን፣ እርምጃውን ለዘላለም አስቀመጡት። እኛስ? ራስላስ ላቀው ከአንድ የውጭ ባልደረባው ጋር "አትሌቱ" የተባለውን ፊልም ያደረሰልን እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። አርባ አራት ዓመት! ጀግናው የኛ፣ ካሜራው የሰው።

ሙዚቃውስ? እስቲ የጃፓኖችን "ኤንካ" የሚባል የትካዜ ዘፈን ፈልጋችሁ ስሙ። የሚበዛው የሚዜምባቸው አምስት ድምፆች ከኛ ትዝታ ማይነር ቅኝት አምስት ድምፆች ጋር አንድ ናቸው። በዐሥር ሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት አንድ ዓይነት ሆድ የሚብሰን ሕዝቦች ነን! እንግዲህ ልዩነቱ ተሰጥኦ ላይ አይደለም ማለት ነው።

የሞከሩ ልጆችም አሉን። ብሩክታዊት ጥጋቡና ባለቤቷ ከካልሲ በተሠራች ቀጭኔ አሻንጉሊት "ጸሐይ መማር ትወዳለች" ብለው በ1999 ዓ.ም. በቴሌቪዥን ጀመሩ። ይህ ዝግጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ኤንኤችኬ የተባለው የጃፓን ብሔራዊ ቴሌቪዥን የሚያዘጋጀውን "ጃፓን ፕራይዝ" አሸንፏል። በጃፓን አደባባይ በልጆች ፕሮግራም አሸነፍን! በሠራት ደበበ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 "ጀምበር" የሚል የኢትዮጵያዊ ጀግና የሥዕል መጽሔት በአማርኛም አሳተመ። ለመሆኑ እዚህ አዳራሽ ውስጥ "ጀምበር"ን ያነበበ እጁን ያውጣ? ... አያችሁ? "ናሩቶ"ን ብላችሁ ግን ሁሉም እጅ ይወጣል።

ታዲያ ምን ጎደለን? የማውቀውን ልናገር።

አንደኛ፣ ወረቀት። የወረቀትና የኅትመት ዋጋ ሰማይ ነክቷል። ጃፓን ጋ ነገሩ የተጀመረው ድሃ ልጅ በሳንቲም በሚያነበው ርካሽ ወረቀት ነው። እኛ ጋ ልጅ ቀርቶ ደመወዝተኛውም ጋዜጣ አዙሪት ሥር ቆሞ ርእሱን አንብቦ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ የደራሲው እንጀራ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆነው። ነገር ግን ዛሬ ማታ የወጣ ፊልም ነገ ጠዋት በፍላሽ ይቸበቸባል። ደራሲው ያልበላበትን ድግስ ማን ደግሞ ይደግሳል?

ሦስተኛ፣ ፍርሃት። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጁ ቁጥር 34 ሲወጣ ቅድመ ምርመራ ቀረ ተባለና ከተማዋ በጋዜጣ ተጥለቀለቀች። መጥፎም ነበረበት፣ ጥሩም ነበረበት፤ ሕዝቡ ግን ማንበብ ጀምሮ ነበር። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በ2006 ዓ.ም. ደግሞ "ሎሚ"፣ "ፋክት"፣ "አዲስ ጉዳይ"፣ "እንቁ"፣ "ጃኖ" እና "አፍሮ ታይምስ" በአንድ ላይ ተከሰሱ፤ ከገበያም ጠፉ፤ ብዙዎቹ አዘጋጆች ተሰደዱ። መጽሔት ሲዘጋ የፖለቲካ ዓምዱ ብቻ እንዳይመስላችሁ የሚዘጋው። ልቦለዱ፣ ካርቱኑ፣ ቀልዱ፣ ሥዕሉ አብሮ ይዘጋል። ነገ ናሩቶን የሚያህል ጀግና ሊፈጥር ይችል የነበረ ሠዓሊ መጀመሪያ የሚቀጠረው እዚያ ነበር። ካርቱን ለመሣል የሚፈራ አገር የካርቱን ጀግና አይወልድም!

ምን ይደረግ?

የኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ለሹማምንቱ፦ ፕሌይስቴሽን ቤቱን ከምታሽጉ ሰዓት ወስኑለት። በትምህርት ሰዓት ዩኒፎርም የለበሰ አይግባ፤ ያስገባ ይቀጣ። ከትምህርት በኋላ ግን ልጁ የት ይሂድ? ሜዳ ስጡት፣ ቤተ መጻሕፍት ስጡት፣ ከዚያ በኋላ እናውራ። ወረቀት ላይ የሚጣለውንም ቀረጥ አንሱ።

ለወላጆች፦ ልጃችሁ የሚያየውን አንድ ቀን አብራችሁ እዩ። ሁሉም ለልጅ የሚሆን አይደለም፤ ጃፓኖቹ ራሳቸው ለሕፃን፣ ለጎረምሳ፣ ለአዋቂ ለይተው ነው የሚያሳትሙት። እኛ ግን ካርቱን ሁሉ የሕፃን ይመስለንና ለአዋቂ የተሠራውን ለስድስት ዓመት ልጅ ከፍተንለት ወደ ማጀት እንገባለን። ጥፋቱ የማን ነው?

ለእናንተ ለወጣቶቹ፦ ሣሉ። ጻፉ። አሥር ገጽ ሠርታችሁ ፎቶ ኮፒ አድርጉና በአምስት ብርም ቢሆን ሽጡ። ቴዙካ የተነሣው ከዚያ ነው።

እኔ ያንን ልጅ ቤቱ ከመታሸጉ በፊት አንድ ጊዜ ደግሜ አግኝቼው ነበር። ደብተሩን አሳየኝ። ያ ጃርት ፀጉር ናሩቶ አለ፤ ነገር ግን ጋቢ ለብሷል። ከኋላው የሳሪስ ሚኒባስ ተሥሏል፤ ረዳቱ በመስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ይጣራል። "ይሄስ ናሩቶ ነው?" አልኩት።

"አይ፣ ይሄ ወንድሙ ነው" አለኝ። "ገና ስም አላወጣሁለትም።"

ያ ልጅ አሁን የት እንደሚውል አላውቅም። ደብተሩ እንዳለው ግን ተስፋ አደርጋለሁ። ስም አውጥቶለት እስኪጨርስ ድረስ ማንም እንዳያሽግበት፣ እኛ ደግሞ የሚያሳትምበት ወረቀትና የሚያነብለት ሰው እንዳናሳጣው። የዛሬ ልመናዬ ይኸው ነው።